ሰማንያ ስምንት ኪሎ

«ተደብቃ ትበላለች እንጂ!» አሉ ወይዘሮ ሰንበቴ፣ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ለቆሙት ጎረቤታቸው ለአዴ ሙሉካ። «በቀን ግማሽ እንጀራ የሚበላ ሰው ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድ ኪሎ አይቀንስም? ሞኝ አደረገችኝ። ኩላሊቷን መስጠት አልፈለገችም። አልሰጥም ብሎ መናገር አሳፍሯት በሆዷ ነው የምትናገረው።»

«ያ ሰንበቴ፣ ተዪ ማሎ፣ እባክሽ!» አሉ አዴ ሙሉካ። «ሰው በገዛ ልጁ እንዲህ ይላል? አላህን ፍሪ እንጂ።»

«እኔ ምን አልኩ? ለአንቺ ነው የነገርኩሽ። ለሌላ ሰው አፌን ከፍቼ አውቃለሁ?»

ሀዋኒ ይህን ሁሉ የሰማችው ከቤቱ ጀርባ፣ የመዝለያ ገመዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ መቶ ሰማንያኛው ዝላይ ላይ ስትደርስ ነው። ታኅሣሥ ነው፤ የሮቤ ጠዋት አጥንት ድረስ ይገባል፤ ማስጫው ላይ ያደረውን ፎጣ ውርጭ መትቶት ግትር ብሏል። እሷ ግን በላብ ርሳለች። ብትዘል የገመዱ ድምፅ ሊሰማ ነው፤ ብትገባ በእናቷ ፊት ማለፏ ነው፤ ስለዚህ ትንፋሿን ውጣ ባለችበት ቆመች። የሚገርመው፣ ያሟት እናቷ ሆነው ሳሉ እንደ ሌባ ልብ የሚመታው የእሷው ልብ ነው። ይሄ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። በኅዳር መባቻ ከጎሮ የመጣች ደንበኛዋ፣ የልጇን የሠርግ ልብስ ልታሰፋ ስትመጣ፣ ቅቤ የጠገበ ጩኮ በትንሽ ሰሃን ይዛላት መጥታ ነበር። ሴትዮዋ እንደወጣች ሀዋኒ የሱቋን በር ገርበብ አደረገችና ያንን ገብስና ቅቤ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ በጣቷ ጠርጋ ጨረሰችው። አንድ ቀን ነው። አንዲት ሰሃን ናት። ከዚያ ወዲህ የቀመሰችው ነገር የለም፤ ግን ያቺ ሰሃን የእናቷን ሐሜት ሙሉ በሙሉ ሐሰት እንዳይሆን አድርጋባታለች፤ የሚያናድዳትም ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታናሽ ወንድሟ የለሊሳ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። ጎሮ የሒሳብ መምህር ነበር፤ አሁን አዲስ አበባ አክስታቸው ቤት ተቀምጦ በሳምንት ሁለት ቀን ደሙን በማሽን ያሳጥባል። የታላቅየው የደራራ ደም አልገጠመም። እናትየው ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ግፊትም አለባቸው። የገጠመችው ሀዋኒ ብቻ ናት። ግን ሐኪሞቹ በሰኔ ሲመዝኗት መቶ ሁለት ኪሎ ሆነችባቸውና «ከሰማንያ በታች ሳትሆኚ ቢላዋ አናሳርፍብሽም፤ ለአንቺም አደጋ ነው» ብለው ለጥር ቀጠሯት። እሷም ወረደች። ከሰኔ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አሥራ አራት ኪሎ ጣለች። ያኔ ቤቱ ውስጥ ደስታ ነበር፤ ወይዘሮ ሰንበቴ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ልጄ እኮ ለወንድሟ ብላ ቀለጠች» እያሉ ያወሩ ነበር፤ እሷም ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አጠበበችው። ሰማንያ ስምንት ላይ ሲደርስ ሚዛኑ ቆመ። ከሻይዋ ስኳር አወጣች፤ ቆመ። ከአንድ እንጀራ ወደ ግማሽ ወረደች፤ ቆመ። የጠዋቱን እርምጃ ማታም ደገመችው፣ ገመድ ጨመረች፣ በየሐሙሱ እስከ ጎባ መንገድ አጋማሽ ድረስ በእግሯ ደርሳ መመለስ ጀመረች፤ እንደቆመ ነው። ልብስ ሰፊ ናትና ሰፋ ያለ ነገር ሁሉ ከዚህም ከዚያም ያዝ ያዝ ሲያደርጉት የሚጠብ ይመስላታል፤ ይኼ ግን እንቢ አለ።

ወይዘሮ ሰንበቴ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት የመንገድ ዳር ሚዛኖችን ማመን ተዉ። አንዱ ሰማንያ ሰባት፣ ሌላው ዘጠና ይላል፤ ባለሚዛኖቹም ፊት አይተው ይናገራሉ አሉ። «የእህል ሚዛን ለማንም አያዳላም» ብለው በየሐሙሱ ጠዋት ልጃቸውን እየነዱ የጀሊል እህል መጋዘን ይሄዱ ጀመር። የገና ጾም ሲገባ ደግሞ፣ ሀዋኒ ሰማንያ እስክትገባ ድረስ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት እህል ላይቀምሱ ለማርያም ተሳሉ። ንስሐ አባታቸው ዕድሜዎትን ያስቡ ቢሏቸው አልሰሙም። ቤቱ ውስጥ ክፉ ቃል የሚናገር የለም። እናትየው ምሽት ላይ ትሪያቸውን ያቀርባሉ፤ የሀዋኒ ግማሽ እንጀራ በትንሽዋ ሰሃን፣ ከጎመን ጋር፣ መስኮቱ ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሰሃኑ የተለየው ለመለካት እንዲመች ነበር። አሁን ግን እናትና ልጅ ከአንድ ትሪ ሳይበሉ ስድስት ወር ሊሞላቸው ነው፤ አንዷ ስታኝክ ሌላዋ ታዳምጣለች፤ ቴሌቪዥኑ ብቻ ያወራል።

ዛሬም ሐሙስ ነውና ሁለት ሰዓት ሲሆን ወጡ። ከአጥሩ ሥር የተባለው እንዳልተባለ፣ የተሰማውም እንዳልተሰማ ሆኖ፣ እናትየው ከፊት፣ ልጅየዋ ከኋላ። ባጃጅ በሰው ሃያ ብር ስለገባ፣ ደግሞም ሀዋኒ መራመድ ስላለባት፣ በእግራቸው ሄዱ። መኸር የተሰበሰበበት ሰሞን ነው፤ የፈረስ ጋሪው ሁሉ ስንዴ ጭኖ ወደ መጋዘኖቹ ይጎርፋል፤ አቧራውና ገለባው አፍ ውስጥ ይገባል። ጀሊል በሩ ላይ ቆሞ ጆንያ ሲያስቆጥር አያቸውና «አካም ቡልተን፣ አዴ ሰንበቴ» ብሎ ሰላም አላቸው፤ «ነጋ፣ ነጋ» አሉት። ደግ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ተሸካሚዎቹን «እናንተ፣ ያንን መኪና ሄዳችሁ አራግፉ» ብሎ ወደ ውጭ ሰደዳቸው። ሀዋኒ ጫማዋን አወለቀች፤ ሹራቧን አወለቀች፤ ከአንገቷ የማይለየውን የልብስ ሜትሯንም አውርዳ ጆንያ ላይ አስቀመጠች። ብረቱ እግሯን አቃጠላት፤ እንደ በረዶ ነው። ቀዩ ቁጥር ሰማንያ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ አለ፣ ሰማንያ ስምንት ነጥብ አንድ አለ፣ ተወዛወዘና ሰማንያ ስምንት ነጥብ አራት ላይ አረፈ። ወይዘሮ ሰንበቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

ከበሩ ወዲያ አንዱ ተሸካሚ አንገቱን አስግጎ ኖሮ «ኩንታል ለመሙላት አሥራ ሁለት ኪሎ ቀራት!» አለ። ሳቁ ሳይጀመር ጀሊል ሰድቦ አባረረው። ሀዋኒን ግን ቀልዱም ስድቡም አልነካት፤ የምታየው እናቷን ነበር። ወይዘሮ ሰንበቴ ቀና ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ሚዛንህ ደህና ነው አይደል ልጄ?» አሉ።

«ደህና ነው አዴ። ትናንት በሚዛን ድንጋዩ ፈትሸነዋል፣ ወላሂ።»

«እሺ። ተባረክ» አሉትና ልጃቸውን ሳያዩ ወጡ። ሀዋኒ ጫማዋን እያሰረች ከኋላቸው «እኔ ጎባ እሄዳለሁ» አለች። «ሂጂ» አሉ፤ ለምን ብለው አልጠየቁም። ሀዋኒ እዚያው መጋዘኑ ውስጥ የልብስ ሜትሯን አንገቷ ላይ መለሰች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ አለች በልቧ። ግን በፊቷ የሚናገራት የለም። የሚነገረው አጥር ሥር ነው።

የምትሄደው ሲስተር ኢብቲሳም ወደምትባል የምግብ ባለሙያ ነበር፤ ጎባ መሀል አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች፤ ከሀዋኒ ደንበኞች አንዷ ናት ያመለከተቻት። ቀጠሮው ለአምስት ሰዓት ተኩል ነው። ሚኒባስ ቢኖርም ሀዋኒ ሙሉውን መንገድ በእግሯ ልትሄድ ቆርጣለች፤ ክብደቷን ለሚመረምር ሰው በመኪና መቅረብ ኀጢአት መሰላት። አስፋልቱ በታጨደው ስንዴ መሀል ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል። ኮምባይነሩ ያለፈበት መሬት ቢጫ የስንዴ አገዳ ጉቶ ብቻ ነው፤ ከብት ተለቆበታል። ጋቢ ደርቦ፣ ፈረሱን በቄጠማ ገመድ ይዞ የሚያልፍ ሰው «ሴትዮ፣ ጋሪ ቀረ እንዴ አገሩ ላይ?» ብሎ አሾፈባት። መንገድ በጀመረች በሁለተኛው ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ጥቁር ጥቁር ነገር አየ። ከትናንት ምሽት ወዲህ የቀመሰችው ውሃ ብቻ ነው፤ እሷም እንደ እናቷ እስከ ምሽት ትጾማለች፤ ምክንያቱም አንዴ በልታ ሁለት ጽድቅ፣ ለማርያምም ለሚዛኑም የሚሆን መስሏታል። ተነሥታ ሄደች።

የክሊኒኩ ክፍል ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የአትክልት ሥዕል፣ ጥግ ላይ ነጭ ሚዛን። ካርዱ ሁለት መቶ ብር ነው። ሲስተር ኢብቲሳም ጥቁር ሂጃብ ያደረገች፣ ዕድሜዋ ሠላሳ የማይሞላ፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። ሚዛን ላይ ውጪ አላለቻትም፤ መጀመሪያ የምትበላውን ሁሉ አስቆጠረቻት። ለመቁጠር ጊዜ አልፈጀም። ከዚያ እርምጃውን አስቆጠረቻት፤ ይኼኛው ፈጀ። ፀጉርሽ ይነቀላል ወይ አለቻት፤ ይነቀላል። ይበርድሻል ወይ፤ ይበርደኛል። የወር አበባሽስ፤ ከመስከረም ወዲህ አላየሁም። ከጎባ መንገድ ስትመለሺ ምን ትሠሪያለሽ፤ የስፌት መኪናዬ ፊት እቀመጣለሁ፣ መቆም አልችልም፣ ባለፈው መርፌው ጣቴን በሳው። ባለሙያዋ ከወንበሯ ተነሥታ ጎንበስ አለችና የሀዋኒን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ተጭና ለቀቀች። ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«ይሄ ስብ አይደለም፤ ውሃ ነው» አለች። «እህቴ፣ ትንሽ ስለበላሽና ብዙ ስለተራመድሽ ነው የቆምሽው። ሰውነትሽ ክፉ ዘመን የመጣ መስሎታል፤ የሰጠሽውን ሁሉ ይዞ ተቀምጧል። ሁለት ሰዓት ትሮጪና አሥር ሰዓት ወድቀሽ ትውያለሽ። የቀለጠው ጡንቻሽ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ሲስተር?»

«ብዪ።»

ሀዋኒ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። ባለሙያዋ ወረቀት አውጥታ ጻፈችላት። በቀን ሦስት ጊዜ። እንቁላልና ወተት ጽፋ ነበር፤ ጾም መሆኑን አስታውሳ ሰረዘችና ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ የገብስ ዳቦ ብላ ጻፈች፤ ጠዋት መብላቱን ንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ የታመመ ይፈቀድለታል አለቻት። ገመድ ይቅር። የጎባ መንገድ ይቅር። በቀን አርባ ደቂቃ እርምጃ ብቻ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ አምስት አምስት ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን በሁለት እጅ ማንሣትና ማውረድ። እንቅልፍ። «ደግሞ እንዳትደነግጪ» አለች ወረቀቱን እያቀበለቻት፤ «በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ሁለት ኪሎ ልትጨምሪ ትችያለሽ። ከዚያ ነው የሚወርደው። እስኪወርድ መታገሥ ነው።»

«እጨምራለሁ?»

«ሊሆን ይችላል።»

ሀዋኒ ከክሊኒኩ የወጣችው ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ጡቷ ሥር ከትታ ነው። ከስድስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ውሸታም አይደለሽም ብሏታል፤ እሱ ብቻውን እንባዋን አመጣው። ወዲያው ደግሞ የሚቀጥለው ሐሙስ ታያት። የጀሊል ሚዛን፣ ቀዩ ቁጥር፣ ዘጠና። የእናቷ መነጽር። ለእናቷ ምን ብላ ትነግራቸዋለች? «እማዬ፣ እንድቀንስ ብዪ አሉኝ» ትበል? አጥር ሥር ለሚወራው ነገር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ወረቀቱን ላሳያት አለች፤ ወይዘሮ ሰንበቴ ማንበብ ቢችሉም የሚያምኑት ግን የእህል ሚዛኑን ነው። ንስሐ አባትን ላስገባ አለች። ደራራን ላስደውልላት አለች። አዴ ሙሉካን ይዣት ልግባ፣ እሷ ትናገርልኝ፣ አለች። ይኼኛው ጥሩ መሰላት። ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፣ ከዚያ ይወርዳል፣ ጥር ገና ነው፣ እያለች ወደ መናኸሪያው ስታዘግም ትንሽ ተስፋ ልቧ ውስጥ ገባ። የዳቦ ሽታ ሲመጣባት ፊቷን አላዞረችም። ልግዛ እንዴ ብላ እንኳን አሰበች።

ስልኳ የጮኸው ይኼኔ ነው። ለሊሳ ነበር። በቀን አይደውልም፤ የሚደውለው ማታ፣ ለእናቱ ነው።

«ሀዊ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ጎባ ነኝ። ምነው፣ ዛሬ ማሽን ላይ አይደለህም እንዴ?»

«ጨረስኩ።» ትንፋሹ አጠረው። «አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ እንዳትጮሂብኝ። ልቤን በአልትራሳውንድ አይተውት ነበር። ደክሟል አሉኝ። ቀዶ ሕክምናውን አይችለውም አሉ። ከዝርዝሩ አወጡኝ።»

«እስኪሻልህ ድረስ ነው?»

«እስኪሻልህ አላሉኝም።»

«መቼ ነው ይሄ?»

«ሦስት ሳምንቱ ነው።»

ሀዋኒ ከመናኸሪያው አጥር ሥር፣ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴትዮ አጠገብ ቆማ ቀረች። መጀመሪያ የመጣባት እረፍት ነበር። አዎ፣ እረፍት፤ እግሯ ድረስ የወረደ እረፍት፤ አልከፈትም፣ አልተኛም፣ ነገ ገመድ አልዘልም። ያ የቆየው አንዲት ትንፋሽ ያህል ነው። ከዚያ ኀፍረቱ መጣና እዚያው ላይ ደረበባት። እናቴ እውነቷን ኖሯል፣ አለች፤ በሆዴ እየተናገርኩ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ነው ወንድሟ የታያት፣ ቀጭን አንገቱ፣ ያበጡ ዓይኖቹ፣ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍበት ረጅም እጁ።

«እማዬ እንዳትሰማ» አለ ለሊሳ። «ማሎ ሀዊ። እሷ አሁን ያላት ያንቺ ኪሎ ብቻ ነው። የምትጾመውም ለእሱ ነው። ያንቺ ኪሎ እንቢ እስካለ ድረስ እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ ማለት ነው፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ለእሷ አይሞትም። የልቤን ነገር ከሰማች ግን አለቀ፤ ገናን አትውልም። እስከ ገና ብቻ። ከዚያ ራሴ መጥቼ እነግራታለሁ።»

«እንዴት አድርገህ ነው የምትመጣው?» አላለችም። የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው፤ እሱም ያውቀዋል።

«ልጅ ሆነን ከኋላሽ እደበቅ የለ እንዴ?» አለ። «አሁንም ትንሽ ደብቂኝ። ሰፊ ነሽ አንቺ።» ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ረጅም ጊዜ አሳለው። ሀዋኒ ሳሉ እስኪያልቅ ጠበቀች። ስለ እኔ ምን እንደምትል ታውቃለህ፣ ልትለው ነበር። ‹አልቀነሰችም› በሚል ቃል ውስጥ የእሷ ስም ምን ያህል እንደቆሸሸ፣ ጎረቤቱ ምን እንደሚል፣ ተሸካሚው ምን እንዳለ፣ ዛሬ ጠዋት ከአጥሩ ሥር ምን እንደተባለ። እሱ እናታቸው «አይ ውፍረት!» ብለው ስቀው የሚያልፉ ይመስለዋል። በዚህ ትንፋሹ ይህን ሊሰማ አይገባውም።

«እሺ» አለችው።

«ማልሽልኝ።»

«በማርያም። እሺ።»

በሚኒባስ ተመለሰች። ሃምሳ ብሩን ከፍላ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት የፈጀባት መንገድ በሃያ አምስት ደቂቃ ሲያልቅ አየች። ሱቋን ከፈተች፤ መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፤ የአንዲት ልጅ ዩኒፎርም ጠርዝ ሰፍታ ፈታችው፣ ደግማ ሰፍታ ፈታችው። ሐሳቧ እዚያው ዞሮ ይመጣል። ከቀነስኩ ምን ይመጣል? እናቴ ተነሺ እንሂድ ትላለች፤ አዲስ አበባ ስንደርስ ሁሉም ይወጣል። ካልቀነስኩ ደግሞ የወንድሜ ገዳይ እኔ ነኝ። መሀሉ የለም። ቢያንስ ትቀንሳለች፣ ትንሽ ቆይታ ትቀንሳለች ብለው እናቷ ተስፋ የሚያደርጉባት ሴት ሆና መቆየት ትችላለች? አትችልም፤ ተስፋ ያለበት ቤት በየሐሙሱ ይመዝናል፣ በየቀኑ ይደውላል፣ ቀጠሮ ይቅረብልን ብሎ ሐኪም ይለምናል። እናቷ ከሐኪም ጋር እንዳይነጋገሩ የሚያደርጋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የእሷ የሀዋኒ እንደሆነ እርግጠኛ መሆናቸው። ወረቀቱን ከጡቷ ሥር አውጥታ አነበበችው። በቀን ሦስት ጊዜ። ቀዳደደችውና ከጨርቅ ቁርጥራጩ ጋር ማዳበሪያው ውስጥ ጣለችው።

አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ቤት ስትደርስ ወይዘሮ ሰንበቴ ጸሎታቸውን ጨርሰው ትሪውን አቅርበዋል። ቀይ ምስር፣ ሽሮ፣ ድንች በካሮት። ቀኑን ሙሉ አፋቸው ምንም አልነካም፤ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ትንሽዋ ሰሃን መስኮቱ ጥግ ቦታዋ ላይ ናት። ሀዋኒ እጇን ታጠበች፤ በጠረጴዛዋ አልፋ መጣችና ከእናቷ ፊት ለፊት፣ ትሪው አጠገብ ባለው ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«ያንቺ እዚያ ነው» አሉ እናቷ።

«አውቃለሁ።»

ከትሪው ቆረሰች። ምስሩን ጠቅልላ ጎረሰች። ለይምሰል ልትበላ ነበር የተቀመጠችው፤ ዘይቱና በርበሬው ምላሷን ሲነካት ግን ጉሮሮዋ ተከፈተ፣ እጇ ተጣደፈ። ይህን ያህል መጣፈጡ አሳፈራት። ወንድሜ እየሞተ ነው፣ ምስሩ ይጣፍጣል፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አሰበች፤ ሁለቱም እውነት ነበሩ። ወይዘሮ ሰንበቴ ጉርሻቸውን ከመንገድ መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡ።

«ሀዋኒ።»

«ራበኝ እማዬ።»

ይህ ቃል ከሰኔ ወዲህ በዚህ ቤት ተነግሮ አያውቅም። ወይዘሮ ሰንበቴ «ራበሽ» አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም። ሀዋኒ ዓይናቸውን ለማየት ፈርታ ነበር፤ አየችው። ቁጣ አልነበረበትም። ብዙ ጊዜ የጠረጠረውን ነገር በመጨረሻ በዓይኑ ያየ ሰው ፊት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ምንም የማይጠይቅ ፊት። ሽሮውን ጠቀሰች። ድንቹን ጎረሰች። ቴሌቪዥኑ ተዘግቷል፤ የሚሰማው የእሷ ማኘክ ብቻ ነው።

ስልኩ ጠራ። ወይዘሮ ሰንበቴ ከነጠላቸው ሥር አወጡት፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ድምፃቸው በአንድ ጊዜ ሌላ ሆነ።

«የኔ ጌታ! በላህ? ... ጎሽ። ጎሽ የኔ ልጅ። ... እህትህማ ደህና ናት። እየቀነሰች ነው እንጂ! ዛሬ ሚዛን ላይ ወጥታ ሁለት ኪሎ ወርዳለች፤ ጀሊል ራሱ ነው ያነበበልን። ... አዎ፣ ትንሽ ነው የቀራት። ለጥር ትደርሳለች። ምን አስጨነቀህ፣ አንተ ብቻ አይዞህ።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ከሀዋኒ ላይ አላነሡም። ሀዋኒ አፏ ሞልቷል። ከስልኩ ውስጥ የለሊሳ ድምፅ ቀጭን ሆኖ፣ ደስ ያለው ሰው ድምፅ መስሎ፣ ወጣ፦ «ተመስገን እማዬ! በርቺ በላት፣ ሀዊን።»

«እላታለሁ» አሉ ወይዘሮ ሰንበቴ።

ስልኩን ዘጉት። ነጠላቸው ሥር መለሱት። ከዚያ ያልተነካውን የራሳቸውን ወገን ወደ እሷ አዙረው ትሪውን ገፉላት።

«ብዪ» አሉ። «ብዪ እንግዲህ። ጨርሺው።»

ተነሥተው ወደ መኝታቸው ገቡ። ሀዋኒ ጨረሰችው።